ወይዘሪት መ የሞተችበት ሳምንት

ሰኞ ጠዋት ልጄ መቅደስ ጫማዋን ማጥለቅ አቃታት። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደርሳ የመጣችበት ያው የላስቲክ ጫማ ነው። እግሯን ስትገፋ፣ ጫማውን ስትስብ ቆየችና "እማ፣ ጫማዬ ጠበበኝ" አለች። ጎንበስ ብዬ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ ብጫነው፣ ጣቴ ያረፈበት እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። እስኪሞላ ጠበቅሁ። አልሞላ አለኝ።

ሳል ከያዛት ሰንብቷል። እኛ አገር ሳል የሌለበት ቤት ስለሌለ ብርድ ነው ብለን ጠበል ወሰድናት። ውሃ ቀድታ ስትመለስ ዳገቱ ላይ እየደጋገመች ስታርፍ ወንድሞቿ "አሮጊቷ መጣች" እያሉ ይስቁባት ነበር። ከዚያ ጋደም ማለት አልችል አለችና ግድግዳ ተደግፋ ማደር ጀመረች። ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ ያስፈራኝ ግን ያ ጉድጓድ ነው።

ይህን የምጽፈው ለማኅበር እህቶቼ ነው። ከተመለስኩ ወዲህ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ እየገባች "እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪን" ትለኛለች፤ ጉሮሮዬ ደረቀ። አራተኛ ክፍልን ስላልጨረስኩ የተንጋደደውን ፊደል መቅደስ ታቃናዋለች። ብዙዎቻችሁ ከዘመሮ ገበያ አልፋችሁ አታውቁም። እኔም እስከዚያ ሰኞ አላውቅም ነበር።

የሰፈር ጎረምሶች ቃሬዛ አበጁ። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሽፈራው ሥራቸውን ጥለው ከላይኛው መንደር ደረሱ። አባታችን ካረፉ ወዲህ እሳቸው ናቸው አባቴ፤ አፋቸው ግን አያርፍም። ቃሬዛውን በትከሻቸው እንደያዙ "የሺ፣ ምን አብልተሻት ነው? ይቺ ልጅ ኩንታል ገብስ ሆናለችኮ!" አሉ። መቅደስ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ዞረባት፤ ሳሉም አልቆም አለ። እስከ ዘመሮ ድረስ ጋሼ ዳግመኛ አልቀለዱም።

የጤና ጣቢያው ነርስ ደረቷን በማዳመጫ ብዙ አዳመጠ። "ልቧ ነው የሚመስለኝ። መርፌ እሰጣታለሁ፤ ግን እዚህ አይያዝም፣ ሪፈር ነው" አለ። ሪፈር ማለት ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሂዱ ማለት ነው። ሪፈር የተባሉ የአገራችን ሰዎች እንዴት እንደተመለሱ እናንተም ታውቃላችሁ፤ በእግሩ የተመለሰው ጥቂት ነው።

የዚያን ዕለት መኪና ስላልነበረ የጤና ጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ ቤቷ ወሰደችን። ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው። ያላት አንድ አልጋ ነው፤ ለመቅደስ ለቀቀችላትና እሷ ከልጆቿ ጋር መሬት ላይ አነጠፈች። ጋደም ማለት እንደማትችል ስታይ ደግሞ ወጥታ ከጎረቤት ትራስ ለመነች። የለመነቻቸው ትራሶች እንደ ክምር ሆኑ። "የእኔም እናት እንዲህ ነበረች" አለችኝ። ከዚያስ ብዬ አልጠየቅኋትም።

ማክሰኞ ከጋሼ ጋር በቅጥቅጥ ተሳፈርን። መቅደስን ከኋላ ወንበር አጣበው አስቀመጧት፤ ትንፋሿ ሲያጥር ከፊት የተቀመጠች ሻሽ ያሰረች ሴት ዞራ አየቻትና ተነሣች። "ነይ እዚህ ልጄ! አንተ ረዳት፣ ቁመህ ምን ታያለህ? ደግፋት እንጂ!" ዘሀራ ትባላለች፤ ከቆላ እየመጣች በየገበያው ጨርቅ የምትነግድ እስላም ናት። ጥቅል ጨርቋን ከላይ አስወርዳ ከመቅደስ ጀርባ ደገፈችላት። ረዳቱ "እትዬ ዘሀራ፣ ጨርቁ ይጨማደድብሻል" ቢላት "ወላሂ አንተን ነው የምጨማድድህ" አለችው። ልጄ ከዘመሮ እስከ ከተማ የሄደችው የገበያ ጨርቅ ተደግፋ ነው።

ሞላሌን አለፍ እንዳልን አንድ ነገር ጧ አለ። የተኩስ ነገር ዘወትር የሚወራበት ጊዜ ስለሆነ ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ ጎማ ነው። ተሳፋሪው ወርዶ ጉሙ ውስጥ ቆመ። ጉሙ ከእኛው ጉም አይለይም፤ እኛ ዘንድ ግን ጉም ሲወርድ ሰው ቤቱ ይገባል። ጋሼ የተቀደደውን ጎማ ዞረው ዞረው አዩና "የእኛ በቅሎ ሲደክማት ትቆማለች እንጂ አትፈነዳም" አሉ። ሾፌሩ "አባባ፣ በቅሎዎ ይህን ሁሉ ሰው አትጭንም" አላቸው። "ብትጭንም እንደዚህ አትሳደብም" አሉት። ሰው ሳቀ። እኔ መኪናው ውስጥ የልጄን ከንፈር እያየሁ ነበር። ቀለሙ እየጠቆረ ሄዷል። ዘሀራ ዳቦና ቴምር አውጥታ "ብይ" አለችኝ። አልበላ አለኝ። "አንቺ ከወደቅሽ እሷን ማን ይይዛታል? ብይ!" እየተቆጣች አጎረሰችኝ።

ጣርማ በርን አልፈን ከተማ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ዘሀራ እዚያው እህት አለቻት፤ ጋሼን "እርስዎ እኛ ዘንድ ያድራሉ" ብላ አድራሻውን ነገረቻቸው። ሆስፒታሉ መቅደስን በድንገተኛ ተቀብሎ አፍንጫዋ ላይ የትንፋሽ ቱቦ አደረገላት፤ የሚያሸና መርፌም ተወጋች። እኔ አልጋዋ ሥር የበግ ጠጉር ባናዬን አንጥፌ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ ጠዋት ቦታውን አየሁት። ግድግዳው ነጭ ነው፣ ውሃ ከቧንቧ ይወርዳል፣ መብራቱ ቀንም ይበራል። ግን ሰው ከሰው ሰላምታ አይለዋወጥም፤ እኛ ዘንድ የማታውቂው ሰው ቢያልፍ እንኳ እንዴት አደርክ ትይዋለሽ። የሚያመጡት የጾም ሽሮ ደግሞ እንደ ውሃ ቀጥኖ ከእንጀራው ላይ ይሸሻል። ከጎናችን የተኛች ከዓለም ከተማ ወዲያ ከመርሐቤቴ የመጣች ሴት ነበረች፤ ኩላሊቷን ነው። ስታየኝ "አገሬ ነሽ" አለችና ከራሷ ሎሚ ቆርሳ ሰጠችኝ። "ሽሮው ላይ ጭመቂበት፤ ያኔ ይዋጣል።"

ትንሽ ቆይቶ ዘበኛው በሩን እየደበደበ "ራውንድ ነው! አስታማሚ ውጡ!" አለ። ራውንድ ማለት ሐኪሞቹ አልጋ ለአልጋ የሚዞሩበት ሰዓት ነው። በበሩ ስንጥቅ አየሁ። ነጭ ካፖርት የለበሱ ልጆች፣ የእኔን ልጆች የሚያክሉ፣ አልጋዋን ከበው ቆመዋል። ጠጉራቸው የሸበተ አንድ ዶክተር ከመካከል ናቸው። እሳቸው ግን ምንም አይናገሩም። ልጆቹ ተራ በተራ ይናገራሉ፣ ይከራከራሉ፤ እሳቸው "አንተስ ምን ትላለህ? አንቺስ?" ብቻ ይላሉ።

ጋሼ ከኋላዬ ሆነው አዩና "ይሄማ አውጫጭኝ ነው" አሉ።

አውጫጭኝ ድሮ አገራችን ሌባ ሲሰወር የሚደረገው ነው። አገሩ ሁሉ አንድ ሜዳ ተሰብስቦ፣ አንድ በአንድ እየተጠራ፣ ያየውንና የሰማውን ያወጣል። ዳኛው ቢያውቅም አይናገርም። ሌባው ሳይወጣ ማንም ቤቱ አይገባም።

"ሌባው ማን ሆኖ?" አልኳቸው።

"በሽታው ነዋ። ኬዝ ይሏታል ልጅሽን፤ ሰምቻለሁ።"

ኬዝ የማውቀው በፍርድ ቤት ነው። የመሬት ኬዝ አለበት እንላለን። "ልጄ ምን ክስ አለባት?" ብዬ ደነገጥኩ።

ከራውንዱ በኋላ ከተማሪዎቹ አንዷ ሊዲያ የምትባል መነጽር ያደረገች ቀጭን ልጅ ወደ እኔ መጣች። "እናቴ፣ ሕመሟ መቼ ጀመረ?" አለችኝ። ነገርኳት። ከሰዓት ሌላው መጥቶ ያንኑ ጠየቀኝ። ለእሱም ነገርኩ። ሦስተኛው ሲመጣ "እርስ በርሳችሁ አትነጋገሩም እንዴ ልጄ?" አልኩት። አፍሮ ሳቀ። የመርሐቤቴዋ ሴት "እኔንም እንዲሁ ነው፤ ጠይቀው ጠይቀው ይሄዱና ተሰብስበው ይጨቃጨቁብኛል" አለች። እሷ ስትስቅ እኔ ግን ፈራሁ። የሚያውቅ ሰው ይጠይቃል? ሽበታሙ ዶክተር ካወቁ ለምን ዝም ይላሉ? ካላወቁስ ማን ሊያውቅ ነው? አገር አቋርጬ ያመጣኋት ለማያውቁ ነው እያልኩ ስብሰለሰል አደርኩ።

ሐሙስ እንደገና ራውንድ ተባለና ወጣሁ። ከሕንጻው ጀርባ አስታማሚዎች ልብስ የሚያሰጡበት ገመድ አለ፤ የመቅደስን ነጠላ አጥቤ እዚያ ሳሰጣ ከራሴ በላይ ካለ መስኮት የተማሪዎቹን ድምፅ ሰማሁ። ራውንዱን ጨርሰው ተቀምጠዋል መሰለኝ። ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፤ የገባኝን ብቻ ልንገራችሁ።

"ወይዘሪት መ ትባላለች" አለ አንድ ወንድ። "ወጣት ናት፣ ከደጋ ገጠር የመጣች። ትንፋሽ ያጥራታል፣ እግሯ አብጧል።"

ነጠላው ከእጄ ወደቀ።

"እናትየዋ ቆይታ ነው ያመጣቻት" አለች ሌላዋ።

"መንገዱስ? ከየት እንደመጣች አስቡ እንጂ!"

ከዚያ የሽበታሙ ዶክተር ድምፅ፦ "መልካም። ሁለተኛውን ገጽ ግለጡት።"

ወረቀት ተንሿሿ።

"ውይ፣ ሞተች እንዴ?"

"ሞተች" አለ የመጀመሪያው። "ምኑ ነው ያመለጠን?"

አንዱ ሳቀ። ያን ሳቅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

እየሮጥኩ ገባሁ። መቅደስ በሕይወት አለች፤ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጣለች። ያኔ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። እኛ ዘንድ ደብተራው የሰውን ኮከብ የሚቆጥረው በስሙ ፊደል ነው፤ ቆጥሮ መጽሐፉን ይገልጥና "ይህ ይድናል፣ ያ አይድንም" ይላል። እነዚህም ልጄን በፊደሏ ጠርተው ገጹን ገለጡ፣ የነገውን አዩ። መ ማለት መቅደስ ነው። አራተኛ ክፍል ባልጨርስም መ አትጠፋኝም።

ከሰው አገር አስከሬን ከማስጭን ነፍሷ ሳትወጣ ቤቷ ላግባት አልኩ። ጋሼ ስነግራቸው "አንቺ ነሽ እናቷ" አሉኝ። በምሳ ሰዓት ምግብ የሚያመጣ ሰው በሩ ላይ ሲተራመስ ቱቦውን ነቅዬ በባናዬ ጠቀለልኳት፤ ጋሼ አዘሏት።

"እማ፣ ተሻለኝ ማለት ነው?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። ከዚያ የከበደ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

መናኸሪያ ስንደርስ የመንዝ መኪና ጠዋት ወጥቷል፣ ሌላው ለነገ ነው ተባልን። ያለን ሰው ዘሀራ ብቻ ናት። በሩን እንደከፈተች እኛን ሳይሆን የመቅደስን ፊት አየች።

"አውጥተዋታል?"

"አወጣኋት።"

"ለምን?"

ነገርኳት። ዘሀራ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። "መ ያለው ሁሉ መቅደስ ነው? የእኔ እናት መዲና ናት፣ አክስቴ መሬማ ናት፤ ልቅበራቸው? እርስዎስ ጋሼ፣ ሽማግሌ አይደሉም እንዴ? ‘እስቲ ልጠይቅ’ ማለት አቃተዎት?" ዘሀራ ገና እየተቆጣች መቅደስ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ትንፋሿ መጋዝ ይመስላል። ከንፈሯ እንደገና ጠቆረ። ዘሀራ መንገድ ላይ ወጥታ ባጃጅ ፊት ቆመች፤ ሌላ ሰው የተሳፈረበት ነበር፤ አስወረደችው። መንገዱን ሙሉ የልጄን አፍ እያየሁ፣ የማምነው ነገር ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ የእመቤቴን ስም ብቻ እጠራ ነበር።

ሊዲያን ያገኘናት ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። አልጋውን ባዶ አግኝታ ዘበኛውን ስትጠይቅ ነበር። መቅደስን በተሽከርካሪ ወንበር ይዛት ሮጠች። ቱቦው ተመለሰ፣ መርፌው ተወጋ፤ እኔ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። ትንፋሿ ሲረግብ ሊዲያ ወደ እኔ መጣች።

"እናቴ፣ ለምን?"

"ትሞታለች ስትሉ ሰማኋችኋ። ወይዘሪት መ ሞተች አላችሁ።"

"እናቴ፣ ወይዘሪት መ የለችም። የወረቀት ሰው ናት። እንድንማርባት መምህራችን የፈጠሯት ናት። በየሳምንቱ አንድ ይሰጡናል፤ ምን እንደሆነ አይነግሩንም፣ ተወያይተን ፈልገን እንድናገኝ ነው። ባለፈው ሳምንት አቶ ሐ ነበሩ፤ ከዚያ በፊት ወይዘሮ ለ…"

"ከዚያ በፊትስ?"

"አቶ ሀ።"

ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። በልጅነቴ አለንጋ ፊት የቆጠርኩት ነው። የልጄ ስም ኖሮበት አይደለም፤ ተራው ደርሶ ነው።

"አቶ ሀስ ተረፉ?" አልኳት።

"እሳቸውም ሞቱ" አለች አንገቷን ደፍታ። "ዘግይተን ነው ያገኘነው።"

"በየሳምንቱ ትገድላላችሁ እንዴ?" አሉ ጋሼ።

"በወረቀት ነው አባባ።"

"ነፍስ ይማር" አልኩ እኔ፣ ለወይዘሪት መ። ሊዲያ ልትስቅ ብላ ፊቴን አየችና ተወችው። ምን ላድርግ፤ አልቅሼላት ነበር።

የመርሐቤቴዋ ሴት አልጋ ባዶ ነው። አንሶላው ተገፏል፣ ሎሚዋ መስኮቱ ላይ ቀርቷል። የት ሄደች ብዬ ስጠይቅ ነርሷ ዓይኔን ማየት አቃታት። እሷ የወረቀት አልነበረችም።

ዓርብ ዘበኛው "አስታማሚ ውጡ!" ሲል ለመውጣት ተነሣሁ። ሊዲያ የነገረቻቸው ይመስለኛል፣ ሽበታሙ ዶክተር "እናት ይቆዩ" አሉ። ልጆቹ አልጋዋን ከበቡ፤ እኔም አብሬ ቆምኩ። በአማርኛ ተናገሩ አሏቸው። አንዱ ኩላሊት ነው አለ፣ ሌላዋ ሽንቷ ንጹሕ ነው ብላ ጣለችበት። አንዱ የሳንባ ነቀርሳ አለ። በፊት እያንዳንዱ ቃል ልጄ ላይ የተፈረደ ይመስለኝ ነበር። አሁን ተጠርጣሪዎቹን እየጠሩ እንደሚያሰናብቱ አየሁ። ጋሼ በሩ ላይ ሆነው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

ሊዲያ ወደ እኔ ዞረች። "እናቴ፣ ልጅ ሳለች ጉሮሮዋን ታማ፣ ከዚያ መገጣጠሚያዋን አሟት ያውቃል?"

አስታወስኩ። "ትምህርት በጀመረች ሰሞን ጉሮሮዋ ቆስሎ ነበር። እሱ ሲለቃት ጉልበቷ አበጠ፤ ከጉልበት ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ቁርጭምጭሚት ይዞር ነበር። ከዚያ ተዋት።"

ልጆቹ ተያዩ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ሊናገሩ ጀመሩ። ዶክተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ጉዳዩ እንዲህ ነው አሉኝ፤ ልብ ውስጥ ደም ሲያልፍ የሚከፈቱና የሚዘጉ በሮች አሉ። ያ የልጅነት የጉሮሮ ሕመም የልቧን በሮች ጎድቷቸዋል፤ ገጥመው አይዘጉም፣ ደሙ ይመለሳል።

"ማጠፊያው ለቋል በሉኛ!" አሉ ጋሼ።

"ልክ ነው።"

"እርስዎ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ልቧ መሆኑን አውቄ መድኃኒት አዝዣለሁ። ለእነሱ ብነግራቸው ግን ለዛሬ ብቻ ያውቁታል። ተጨቃጭቀው ካገኙት የትም ገጠር ብቻቸውን ቢመደቡ አይጠፋቸውም። እዚህ ጋ ወረቀት ላይ ይሳሳቱ፤ ሰው ላይ ከሚሳሳቱ።" ከዚያ "እርስዎን ግን ማንም አልነገረዎትም። ይህ የእኛ ጉድለት ነው" አሉ።

"ትድናለች?"

"በመድኃኒት ይያዛል እንጂ በሩ እንደ ነበረ አይሆንም። በየወሩ መርፌ፣ በየቀኑ ኪኒን። አንድ ቀን ቀዶ ሕክምና ያስፈልጋታል። ከባድ መሸከም የለም። ስታገባም አስቀድማ ለሐኪም ትናገር።"

መቅደስ ትሰማ ነበር። "ውሃ መቅዳትም ቀረ?" አለች። ቀረ ሲሏት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዕድሜዋ ያለች ልጅ ሥራ ቀረልሽ ሲሏት ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

የሚቀጥለውን ሳምንት እዚያው ሰነበትን። ዘሀራ ወደ ገበያዋ እስክትሄድ ድረስ ምስር ወጥ ታመላልስ ነበር። ሊዲያ ስንወጣ እስከ በር ሸኘችንና "አሁን ደግሞ ሠ ናት" አለችኝ። "እባካችሁ አትርፏት" አልኳት።

በመመለሻው መንገድ መኪናው በነጠረ ቁጥር የልጄን ደረት እይዝ ነበር። ጣርማ በር ላይ ጉም፣ ሞላሌ ላይ ጉም። ዘመሮ ያቺ ጽዳት ሠራተኛ መቅደስ በእግሯ ስትወርድ አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ አቅፋት አለቀሰች። የእናቷን ነገር ያኔ ነው የነገረችኝ፤ በእግሯ አልተመለሰችም። ከዚያ ወዲያ ያለውን በበቅሎ ወጣን።

የመጀመሪያውን የወር መርፌ ዘመሮ ተወግታ መጥታለች። ስትወጋ ትጮኻለች፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ታነክሳለች። ሁልጊዜም እንዲህ ነው አሉን። ወንድሞቿ አሮጊቷ ማለት ትተዋል፤ ውሃ እነሱ ይቀዳሉ። እኔ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ሳትነቃ ቁርጭምጭሚቷን በአውራ ጣቴ እጫናለሁ። ዛሬም ተጫንኩት፤ ጣቴን ሳነሣ ሥጋው ተመለሰ። ጫማዋም ገባላት። ቤታችን ገብተናል። ልጄ ተርፋለች።